ፀረ-ፈንገስ ተረጭቶም ማንጎው ሲጠቁር

ፍሬን የሚያጠቁረውን የፈንገስ በሽታ፣ የማንጎ አንትራክኖስን፣ ለመቆጣጠር ፀረ-ፈንገስ ኬሚካሎችን በማሳ የሚፈትሽ ባለሙያ «መድኃኒቱ አይሠራም» ከማለቱ በፊት ሙከራውን ራሱን መመርመር ይኖርበታል።

ምልክት፦ ፍሬው ሲለቀም ንጹሕ ነበር፤ ሲበስል ጠቆረ።
መንስኤው ኮሌቶትሪከም የተባለው ፈንገስ ወደ አረንጓዴው ፍሬ ልጣጭ ዘልቆ፣ ፍሬው እስኪበስል ድረስ ምልክት ሳያሳይ መቆየቱ ነው። ስለዚህ በለቀማ ዕለት ብቻ የተመዘገበ ውጤት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ አይታመንም። ከየዛፉ በዕጣ የተመረጡ ፍሬዎች በክፍል ሙቀት እንዲበስሉ ተደርጎ ከልጣጩ ስንት በመቶው እንደጠቆረ ይመዝገብ። ርጭቱም ከአበባ ጊዜ ይጀምር፤ ማንኮዜብና መዳብ ያለባቸው ኬሚካሎች በልጣጩ ላይ ያረፈው ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ዘር መሰል ብናኝ) እንዳይበቅል ይከላከላሉ እንጂ ውስጥ የገባውን አያወጡም። ከለቀማ በኋላ ፍሬውን ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መንከር ይረዳል፤ የውሃው ውጤት ለርጭቱ እንዳይቆጠር ግን ራሱን የቻለ የሙከራ ምድብ ሊሆን ይገባል።

ምልክት፦ የተረጨውና ያልተረጨው ዛፍ አልተለያዩም።
እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ያልተረጩት ዛፎች ምን እንደሆኑ ነው። እነርሱም ጤናማ ከሆኑ ወቅቱ ደረቅ ስለነበር በሽታው አልመጣም ማለት ነው፤ ሙከራው በዝናባማ ወቅት ይደገም። ሁሉም ከታመሙ ደግሞ ዝናብ መድኃኒቱን አጥቦት፣ ርጭቱ የዛፉን ውስጠኛ ክፍል ሳይደርስ ቀርቶ ወይም ፈንገሱ መድኃኒቱን ተላምዶት ሊሆን ይችላል። መላመዱን ለማጣራት ከታመመው ፍሬ የተለየው ፈንገስ በተለያየ መጠን ኬሚካል በተቀላቀለበት የድንች ዴክስትሮስ አጋር (ፈንገስ በቤተ ሙከራ የሚበቅልበት ምግብ ያለው ጄል) ላይ ይበቅልና የዕድገቱ ስፋት ኬሚካል ከሌለበት ጋር ይነጻጸራል። የፈንገሱን መተንፈስ በሚያግዱ፣ አዞክሲስትሮቢንን በመሰሉ ኬሚካሎች ግን ይህ ዘዴ ያሳስታል፤ ፈንገሱ በሌላ የመተንፈሻ መንገድ በአጋሩ ላይ ማደጉን ሊቀጥል ስለሚችል የስፖሩን መብቀል መለካት ይሻላል። መላመዱ ከተረጋገጠ መፍትሔው በዚያው ወገን ባለ ኬሚካል ላይ መጠን መጨመር ሳይሆን የአሠራር ስልቱ በተለየ ኬሚካል መተካት ነው።

ምልክት፦ ውጤቱ ከዛፍ ዛፍ ይዘበራረቃል።
ዕድሜያቸውና የቆሙበት መሬት የሚመሳሰሉ ዛፎች በአንድ ብሎክ (የተመሳሳይ ዛፎች ቡድን) ይመደቡ፤ በየብሎኩ ኬሚካሎቹ በዕጣ ይደልደሉ፤ ብሎኮቹም ቢያንስ 4 ይሁኑ። መድኃኒቱ በነፋስ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር በመካከል የማይቆጠር ዛፍ ይተው።

ምልክት፦ በቅጠሉ ላይ ነጭ ጥቃቅን ቅርፊቶች ይታያሉ።
ይህ ፈንገስ ሳይሆን በኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ የታየው የማንጎ ነጭ ስኬል ነፍሳት ነው፤ ፀረ-ፈንገስ አይነካውም።