ታክሲ ሰልፍ ላይ ለምትቆሙ

ዜና ሰምታችሁ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ?» የምትሉ ከሆነ፣ የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስን «ዘ ኢንኳየሪ» የተባለ የእንግሊዝኛ ፖድካስት (በስልክ አውርዳችሁ የምትሰሙት ዝግጅት) ሞክሩት። በአንድ ዝግጅት አንድ ጥያቄ ብቻ ያነሳል። ጉዳዩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ተራ በተራ ያስረዳሉ። መጯጯህ የለም። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የታክሲው ሰልፍ ሳያልቅ እሱ ያልቃል።

የእኔ ፍቅር ግን የቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ኢን አወር ታይም» ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሦስት ምሁራን ተቀምጠው አንድ ርዕስ ይበረብራሉ። ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ስለ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ (በእንግሊዝኛ «ፕሬስተር ጆን») የተሠራውን ፈልጉ። አውሮፓውያን በሩቅ ምሥራቅ አለ ሲሉት ኖረው፣ በኋላ እኛ አገር መጥተው የፈለጉት ያ የአፈ ታሪክ ንጉሥ ነው። ወጥ እየሠራሁ ስሰማው ሽንኩርቱ አርሮብኛል።

ረዘም ያለ ለሚወድ የካናዳው ሲቢሲ «አይዲያስ» አለ። ልብስ ለሚያጥብ ሰው ተስማሚ ነው።

እንግሊዝኛው ከፈጠነባችሁ የማጫወቻውን ፍጥነት 0.8 አድርጉት። ከዚያ በታች አትውረዱ፣ ፕሮፌሰሩ ሁሉ የሰከረ ይመስላል። ፖድካስቱን የምትሰሙበት አፕ ላይ ደግሞ «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» የሚለውን ምረጡ። እኔ ይህን ሳላውቅ የሳምንት ፓኬጄ በአንድ ሌሊት አልቆ አድሯል። ማታ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሦስት አራቱን አውርዳችሁ ብታድሩ ጠዋት ኔትወርክ አያስፈልጋችሁም።