ኮድ ሳይጽፉ የኬክ ትዕዛዝ መቀበያ እንዴት እንደሚሠራ

ቤቱ ኬክ እየጋገረ የሚሸጥ ሰው ጉግል ፎርምን (ደንበኛው የሚሞላው ቅጽ)፣ ጉግል ሺትን (ምላሹ የሚገባበት ሠንጠረዥ) እና የቴሌግራም ቦትን (በራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም) ገጣጥሞ ትዕዛዝ መቀበያ መሥራት ይችላል። ኮድ የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ፎርሙን ከማሳመር ይጀምራል። የአይቲ ባለሙያ ደግሞ ከሠንጠረዡ ይነሳል፤ ክፋቱ፣ ለጥቂት ኬክም ሰርቨር ካልተከራየን ማለቱ ነው። እርስዎ አጀማመሩን ብቻ ይውሰዱለት።

መጀመሪያ አምዶቹን ወረቀት ላይ ያስምሩ፦ ስም፣ ስልክ፣ የኬክ ዓይነት፣ ኪሎ፣ የሚወሰድበት ቀን፣ ቀብድ። ቀብዱን የሚሞሉት እርስዎ ስለሆኑ ፎርሙ ላይ አይግባ፤ የቀሩትን አምዶች አንድ በአንድ ጥያቄ ያድርጓቸው። ኪሎውን ደንበኛው ከዝርዝር ይምረጥ። በእጁ ከጻፈ አንዱ «2»፣ ሌላው «ሁለት ኪሎ» ይልና መደመር የለም። ቀን ላይ ጠንቀቅ ይበሉ፤ ፎርሙ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሳምንቱንም ቀን አብረው ይጠይቁ፤ «ቅዳሜ» ብሎ የማክሰኞን ቀን የሞላ ደንበኛ ወዲያው ይለያል።

ከዚያ ምላሾቹን ከሺት ጋር ያገናኙ። ሺት ስልኩን እንደ ሒሳብ ቁጥር ከቆጠረው የ09ን ዜሮ ይበላታል፤ አምዱን አስቀድመው ወደ ተራ ጽሑፍ ይቀይሩት።

አሁን ቴሌግራም ላይ ቦት የሚፈጥረውን ቦትፋዘርን ፈልገው አዲስ ቦት ያስፈጥሩ። የሚሰጥዎት ቶክን፣ ማለትም ቦቱን የሚያዝበት የምስጢር ኮድ፣ የቤት ቁልፍ ነው፤ ያገኘው ሁሉ በቦትዎ ስም መልእክት ይልካል። ስክሪንሾት አንስተው ግሩፕ ላይ አይለጥፉ። አምልጦ ከወጣም ቦትፋዘር አሮጌውን ሽሮ አዲስ ይሰጥዎታል። ቦቱን ከፍተው «ስታርት» ይበሉ፤ ቦት ቀድሞ ሰውን ማናገር አይችልም።

ሺቱንና ቦቱን ዛፒየርን በመሰለ፣ አንዱን መተግበሪያ ከሌላው በሚያገናኝ አገልግሎት ያያይዙ፦ አዲስ መስመር ሲገባ መልእክት ላክ። ነጻው ዕቅድ በወር የሚሠራልዎት ሥራ የተወሰነ ነው፤ መልእክቱም ሊዘገይ ይችላል። ኮድ የሚነካ ዘመድ ካለ በአፕስ ስክሪፕት (የጉግል ኮድ መጻፊያ) ጥቂት መስመር ጽፎ ይህን አገልግሎት ጨርሶ ያስቀርልዎታል።

ለደንበኛ የፎርሙን ሊንክ ከመላክዎ በፊት ፎርሙን ሆን ብለው ለማበላሸት ይሞክሩ፦ የትናንት ቀን ይሙሉ፣ ስልክ ይዝለሉ፣ አንዱን ትዕዛዝ ሁለቴ ይላኩ። ባለሙያ ከሌላው የሚለየው በዋናነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መልእክት አልመጣም ብለው ትዕዛዝ የለም አይበሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሺቱን ይክፈቱ። የሌላ ሰው አገልግሎት ደግሞ ሊዘጋ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው ያሁ ፓይፕስ፣ የድረ ገጽ መረጃ ማገጣጠሚያው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዘጋ በላዩ የተሠራው ሁሉ አብሮ ቆሟል። ስለዚህ ሺቱን በየሳምንቱ አውርደው ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ።