የአፕል ፑሬ በቤት ውስጥ፦ ሲበላሽ ምክንያቱና መፍትሄው

የአፕል ፑሬ (በስሎ የላመ አፕል) መነሻው ቀላል ነው። 1.5 ኪሎ አፕል (መካከለኛ ከሆነ 8 ወይም 9 ፍሬ) ልጡና ዘር ያለበት መሃሉ ይወጣና 3 ሳንቲሜትር ገደማ እየሆነ ይከተፋል። ከግማሽ ኩባያ ውሃ ጋር ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ተከድኖ በዝቅተኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል። ስኳርም ሎሚም የሚገቡት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙው ችግር የሚመጣው ከውሃው መጠንና ከዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ቀጠነ፣ ሳህን ላይ ውሃ ለየ

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። አፕል ከክብደቱ 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ሲሞቅ የራሱን ይለቃል። የምንጨምረው ውሃ ሥራው አፕሉ ውሃውን እስኪለቅ ድረስ ከስር እንዳያርር መያዝ ብቻ ነው፤ ክትፋቱን እስኪሸፍን መሞላት የለበትም።

ቀጥኖ ከተገኘ ክዳኑን አንሱና በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውሃው እንዲተን አድርጉ። እየወፈረ ሲሄድ ስለሚፈናጠር እጀታው ረዘም ያለ ማማሰያ ያዙ። መድረሱን ለማወቅ ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ አንዴ ጎትቱት፤ የተከፈተው መስመር ወዲያው ካልተዘጋ በቅቶታል። ሲበርድ ይበልጥ ስለሚወፍር ትንሽ ቀጠን እንዳለ ማውረድ ይሻላል። ለማወፈር ዱቄት አትጨምሩ፤ የአፕሉን ጣዕም ይገድለዋል።

ቆይቶም አልፈርስ አለ

መጀመሪያ ዓይነቱን እዩ። እንደ ማኪንቶሽ ያለው ቶሎ ይፈርሳል፤ ጠንካራ ሥጋ ያለው ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው ምክንያት ስኳር ወይም ሎሚ ገና ሲጀመር መግባቱ ነው፤ ሁለቱም የፍሬውን ሥጋ አያይዞ የያዘው ፔክቲን ቶሎ እንዳይላላ ያደርጋሉ። 3 ማንኪያ ውሃ ጨምሩና ከድናችሁ ሌላ 10 ደቂቃ አብስሉት። አሁንም ጓል ከቀረው በወንፊት አሳልፉት።

ብሌንደርም ይሆናል፤ ግን ትኩስ ነገር እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ ሊያቃጥል ስለሚችል በረድ አድርጋችሁ ከግማሽ በታች ሙሉ። ብዙ ማሽከርከር ፑሬውን ሙጫ ያስመስለዋል፤ አጠር አጠር እያደረጋችሁ አስነሱትና ልክ እንደላመ አቁሙ።

ከስር አረረ

አታማስሉት! ማማሰል ያረረውን ከደህናው ጋር ያደባልቀዋል። የላይኛውን ብቻ በቀስታ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቅመሱ። የማረር ጣዕም ከገባበት ቀረፋም ስኳርም አይሸፍነውም፤ ቢጣል ይሻላል።

ጠቆረ

የተቆረጠ አፕል አየር ሲነካው በውስጡ ያለ ኢንዛይም ቡናማ ያደርገዋል፤ ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ያቆመዋል። ስለዚህ ልጦ ማስቀመጥ ሳይሆን፣ እየከተፉ ወዲያው ወደ ድስቱ ከትቶ ቶሎ መጣድ ነው። ቶሎ የሚፈርስ ዓይነት ከሆነ ትንሽ ሎሚ ቀድሞ ቢገባ ጉዳት የለውም። ቀረፋ የጨመረ ግን ቡናማ መሆኑ አይቀርለትም፤ ብልሽት አይደለም።

ጣዕም አልባ ሆነ

ከስኳር በፊት 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ሞክሩ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ጣፋጭነት ሳይሆን ኮምጠጥ ማለቱ ነው። ካስፈለገ ስኳሩን በማንኪያ በማንኪያ፣ እየቀመሳችሁ ጨምሩ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከሆነ ማር ፈጽሞ አይገባም።

ሻገተ ወይም አረፋ አወጣ

ሙሉውን ጣሉት፤ የሻገተውን ብቻ ማንሳት አይበቃም። ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ መክደን ብቻውን ከፍሪጅ ውጭ አያቆየውም። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በሳምንት ውስጥ ይበላ። ከዚያ የሚያልፈውን ወደ ፍሪዘር አስገቡት። ሲቀዘቅዝ ስለሚነፋ ከዕቃው አፍ 2 ሳንቲሜትር ባዶ ተዉለት። ሲቀልጥ ውሃ ለይቶ ቢታይ አልተበላሸም፤ በማንኪያ መልሶ ማዋሃድ ነው።