ሮቶ እንዴት ይታጠባል? ከታንከሩ እስከ መጨረሻዋ ቧንቧ

በጎጃም ከተሞች ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ወይም ከብረት በተበየደ ማማ ላይ ይወጣል፣ ቧንቧ ይቀጠልለታል፣ ክዳኑ ይገጠማል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ እስካልተቋረጠ ድረስ ውስጡን የሚያይ ሰው የለም። በክረምት ከውሃው ጋር የሚገባው ደለል ከሥር ይረጋል፣ ግድግዳው ላይ ዝልግልግ ነገር ይይዛል፣ በዚያ ላይ በየፈረቃው አዲስ ውሃ እየተጨመረ ቤተሰቡ ይጠጣል።

ብዙ ጊዜ "ሮቶ ጸዳ" የሚባለው አንድ ጠርሙስ በረኪና ከላይ ተደፍቶበት ነው። ይህ ልፋቱም ብሩም የባከነ ነው። በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ ቆሻሻ አያጥብም፤ እንዲያውም በረኪናውን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። ክሎሪኑ ቀድሞ ያገኘውን ጭቃ፣ ቅጠልና ዝልግልግ ሲያቃጥል አቅሙ ያልቅና ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ ፍተጋ፣ ቀጥሎ ክሎሪን ነው። ክሎሪኑም ታንከሩ ውስጥ መቅረት የለበትም፣ እስከ መጨረሻዋ ቧንቧ መድረስ አለበት። ጽዱ ሮቶ ካልጸዳ ቧንቧ ጋር ሲገናኝ ውሃው ሳምንት ሳይሞላው ይሸታል።

መቼ ይታጠብ

በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አንደኛው ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝናቡ አብቅቶ ውሃው ሲጠራ፣ የክረምቱን ደለል ለማውጣት። ሁለተኛው ግንቦት ላይ ነው፤ የበጋው ሙቀት ያባዛውን ዝልግልግ ከሰኔ በፊት ለማስወገድ። የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ የምታጠራቅሙ ከሆነ የግንቦቱን እጥበት አትዝለሉት፤ አሸንዳውንም አብራችሁ ጥረጉ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራ፣ የወፍ ኩስና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዘው ስለሚወርዱ ወደ ሮቶ አይግቡ። በየዝናቡም ቢሆን መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ወደ ውጭ ይፍሰስ።

ቀኑን በፈረቃው አስሉ። ውሃ ሐሙስ የሚመጣ ከሆነ ሥራው ረቡዕ ይጀመራል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሮቶውን ውሃ ለልብስ አጠባ ተጠቀሙበትና አንድ ስንዝር ያህል እስኪቀረው ይውረድ፤ ይህቺ ቀሪ ለመፈተጊያ ትሆናለች። የሚጠጣና የሚበሰልበት ውሃ ለሁለት ቀን በጀሪካን ለብቻው ይቀመጥ።

የሚያስፈልገው

ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ግዙ። በረኪና ፀሐይና ሙቀት ላይ ሲቆይ ይደክማል፤ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን ወይም ቤት ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የቆየውን ለዚህ ሥራ አትመኑት። ለልኬት የአንድ ሊትር ሃይላንድና ከፋርማሲ የሚገዛ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃሉ። ረጅም እጀታ ያለው የፕላስቲክ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሦስት ሜትር ያህል ጎማ፣ የእጅ ባትሪ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መከለያ። የሽቦ ብሩሽና የብረት መፈተጊያ አይግቡ፤ ፕላስቲኩን ይቧጭሩታል፣ ዝልግልጉም የሚመለሰው እዚያ ጭረት ውስጥ ነው። ኦሞና ላርጎም ይቅሩ፤ አረፋቸው ከታንከርና ከቧንቧ ታጥቦ እስኪወጣ የሚፈጀው ውሃ ከእጥበቱ ውሃ ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ አፉ ጠባብ በሆነ ታንከር ላይ ደግሞ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

ፍተጋው

መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ዝጉ፤ ፓምፕ ካለ ከሶኬት ንቀሉ። ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ አላቅቁ፤ ውሃ ሳይኖረው ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል። የውሃ ማጣሪያ ካለም ሻማውን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን የሚያጣራውን ክፍል፣ አውጡ። ከዚያ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን መስመር ዝጉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ ከፍቶ ታንከሩን በቤቱ በኩል የሚያራግፍ ሰው፣ ከሥር የረጋውን ጭቃ ሁሉ በሻወሩና በቦይለሩ ውስጥ ያሳልፈዋል።

የመውጫው ቀዳዳ ከሮቶው ወለል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚገጠመው። ለዚህ ነው ሮቶ አለቀ ስትሉም ደለሉ የማይወጣው። ከሥሩ የማጠቢያ መውጫ ያለው ሮቶ ከሆነ ክፈቱት። ከሌለው ጎማውን ውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ ወለሉ ላይ፣ ሌላውን ከሮቶው ዝቅ ብሎ መሬት ላይ አድርጉት፤ ውሃው ራሱን ስቦ ይወርዳል። የቀረውን ጭቃ በስፖንጅና በጣሳ ዝቃችሁ በባልዲ አውጡ።

ፍተጋው ከላይ ወደ ታች ነው፦ የክዳኑ ውስጥ፣ አንገቱ፣ ግድግዳው፣ በመጨረሻ ወለሉ። ዓይን ያታልላል፤ ዝልግልጉ ቀለም ስለሌለው በባትሪ ብርሃን እንኳ ንጹሕ ይመስላል። ጓንቱን አውልቁና ግድግዳውን በአውራ ጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት። ጣት የሚያንሸራትት ከሆነ ገና ነው። በደንብ የታጠበ ሰሐን ላይ እንደሚሆነው ጣት ያዝ ሲያደርግ ጸድቷል ማለት ነው። ውሃው ሲሞላ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ አትርሱ። ኳሱን ወደ ላይ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ስለሚውል፣ ሁለቱ ግማሾቹ በተጋጠሙበት መስመር ላይ ወፍራም ቡናማ ቅባት የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። ክንዱንና ውሃው የሚገባበትን አፍ ጭምር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁና አውጡት።

የ1000 ሊትር ሮቶ በብሩሽ ከውጭ ሆኖ ይዳረሳል፤ ሰው መግባት የለበትም። መሬት ውስጥ የተቀበረ ጋን ወይም ትልቅ ታንከር ከሆነ ብቻችሁን አትግቡ፤ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ይኑር፣ በረኪናም ውስጥ እያለ አይገባም። በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

ክሎሪኑ

ልኬቱ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ በ5 በመቶ በረኪና፣ ለ1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር። ለ500 ሊትር ሮቶ ግማሽ ሊትር፣ ለ1000 ሊትር አንድ ሊትር፣ ለ2000 ሊትር ሁለት ሊትር ይሆናል። ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነው ዱቄት ክሎሪን ከሆነ ለ1000 ሊትር 75 ግራም ያህል ነው፤ ሁልጊዜ ዱቄቱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ፤ በባልዲ አሟሙታችሁ ሲረጋ የጠራውን ብቻ አፍስሱ።

ውሃ የሚበቃ ከሆነ ሮቶውን እስከ ግማሽ ሙሉ፣ በረኪናውን ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ አፉ ሙሉት፤ የሚገባው ውሃ ራሱ ያማስለዋል። ትርፍ ውሃ በሚወጣበት ቧንቧ ጥቂት እስኪፈስ ድረስ ይሙላ፣ ያ ቧንቧም መታከም አለበትና።

አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ለእጥበት ማዋል በማይቻልበት ሰፈር ሌላ መንገድ አለ። በ20 ሊትር ውሃ 80 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጡና ግድግዳውን፣ ክዳኑንና ኳሱን በዚህ ቀቡ። ለ30 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ መቆየት አለበት፤ በበጋ ነፋስ ቶሎ ስለሚደርቅ በየመሃሉ ድገሙት። ጭንቅላታችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ። ከዚያ አጥባችሁ ካወጣችሁት በኋላ 150 ሊትር ውሃ አስገብታችሁ 150 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩ። ይህ ለቧንቧዎቹ ነው። አንድ ሜትር የግማሽ ኢንች ቧንቧ የሚይዘው ከሩብ ሊትር ያነሰ ስለሆነ ለአንድ መካከለኛ ቤት መስመር ይተርፋል። ቦይለር ግን ብቻውን 50 ወይም 80 ሊትር ስለሚይዝ እሱን በዚህ መንገድ ማዳረስ አይቻልም፤ መግቢያውን ዝጉና ውሃ በሚበዛበት ጊዜ ሮቶው ሲሞላ አድርጉት።

አሁን የቤቱን መስመር ክፈቱ። ለሮቶው ከሚቀርበው ቧንቧ ጀምራችሁ እያንዳንዱን የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ክፈቱና ዝጉ፦ ሲንኩ፣ ሻወሩ፣ የሽንት ቤቱ ውሃ መያዣ፣ ግቢ ውስጥ ያለችው ማንም የማይከፍታት ቧንቧ። በተለይ ይህቺኛዋ። ውሃ ለወራት የሚቆምባት እሷ ስለሆነች ጀርሙ ወደ ሌላው መስመር የሚመለሰው ከእሷ ነው። ልጅ እንዳይጠጣ በየቧንቧው አፍ ላይ ላስቲክ እሰሩ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ይቆይ። ከ24 ሰዓት አታሳልፉ፤ ብረቱንና የጎማ ማጥበቂያዎቹን ይበላል። ጠዋት ሮቶውን ከፍታችሁ አሽትቱ። ሽታው ካለ ሥራው ተሠርቷል። ሽታው ጨርሶ ከጠፋ ክሎሪኑን የበላ ቆሻሻ ውስጡ ቀርቷል ማለት ነውና ፍተጋውም ክሎሪኑም ይደገም።

ማለቅለቅ

የክሎሪኑን ውሃ አትድፉት፤ ወለል፣ ሽንት ቤትና የቆሻሻ ባልዲ ያጥባል። ጌሾና ቡና ሥር፣ የከብት ገንዳ ውስጥ ወይም ወንዝ ውስጥ ግን አይገባም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ከለቀቃችሁትም እዚያ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የተረፈው ክዳን በሌለው በርሜል ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ይክረም።

የፈረቃው ውሃ ሲመጣ ሮቶውን ሙሉ። ቧንቧዎቹን ከመክፈታችሁ በፊት ጫፋቸው ላይ ያለውን ወንፊት ፈቱት፤ ክሎሪኑ ያላቀቀው ቅርፊት መጥቶ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሳይፈቱት ከፍተው "ከታጠበ በኋላ ውሃው ቀጠነ" የሚሉ ብዙ ናቸው። ሽታው ቀለል እስኪል አፍስሱ። በጣም ቀላል የክሎሪን ሽታ መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ከቧንቧ የሚቀዳ የመጠጥ ውሃ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ቢኖረው ይመረጣል። ውሃው እየተቆራረጠ የሚያስነጥስ ከሆነ መስመሩ አየር ይዟል፤ ሁሉንም ቧንቧዎች ከፍታችሁ ከታችኛው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ዝጉ።

ችግሩ ሲመለስ

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን ይገባል፤ ክዳኑ ተሰንጥቋል ወይም ሮቶው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ትል ከታየ የቢንቢ እጭ ነው፤ የትርፍ ውሃው መውጫ አፍ ላይ ደቃቅ ወንፊት እሰሩ። ጠዋት ብቻ ቡናማ ከሆነ የዛገ የብረት ቧንቧ እንጂ ሮቶው አይደለም። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከሞቀው ውሃ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ ቦይለሩ ውስጥ ነው፤ እሱም በዚያው ልኬት ክሎሪን ይሞላና ይደር።

ሮቶ መታጠቡ ውሃ ማከምን አይተካም። ጃርዲያና አሜባ ለመጠጥ በሚጨመር ክሎሪን በቀላሉ አይሞቱም፤ ለሕፃናት የሚጠጣውን አፍሉ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።

በመኪና ላይ ታንከር ጭነው ለሚጓዙም አሠራሩ ይኸው ነው። ለ60 ሊትር ታንከር 60 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምራችሁ ሙሉትና ጥቂት ንዱ፤ ንቅናቄው ብሩሽ የማይደርስበትን ጣራውን ያጥበዋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ስለሚጨምር የቆየ ውሃ ቶሎ ይበላሻል፤ ከመውረዳችሁ በፊት አዲስ ቅዱ፤ መኪናው ከሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነም ታንከሩን አራግፋችሁ ክዳኑን ክፍት ተዉት።