ጂግና ፊክስቸር ስንሰራ ልክ የሚያስቱን ስህተቶች

መጀመሪያ ስሙን እንለይ፣ ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ስም ስለሚጠራው። ጂግ እቃውን (የምንሰራውን ቁራጭ) ይይዛል፣ መሳሪያውንም ይመራል፣ ማለትም ፑንታው (የሚበሳው መሳሪያ) በጠነከረ ቡሺንግ (የብረት ቀለበት) ውስጥ አልፎ ስለሚገባ ቀዳዳው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ቡሺንጉ ነው። ፊክስቸር ደግሞ እቃውን በቦታው ይይዛል እንጂ መሳሪያውን አይመራም፣ እሱ የማሽኑ ስራ ነው። የሁለቱም ዓላማ ግን ያው ነው፣ መቶኛው እቃ የመጀመሪያው ከተቀመጠበት ቦታ ላይ ምንም ሳይዛነፍ እንዲቀመጥ። እኔ ካየሁት አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው እቃውን ቦታ ማስያዝና እቃውን ጨብጦ መያዝ ሁለት የተለያየ ስራ መሆኑን ስንረሳ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ጋር ነው፣ ክላምፑ (እቃውን ጨብጦ የሚይዘው ማሰሪያ) ቦታ እንዲያስይዝ መጠበቅ። እቃውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ በአይን አስተካክለው፣ ብሎኑን ጥብቅ ያደርጉና «አሁን የትም አይሄድም» ይላሉ። አዎ አይሄድም፣ ግን የሚቀጥለው እቃ እዛው ቦታ ላይ እንዲመጣ የሚያስገድደው ምንድነው? ምንም። አንድ ነገር በነፃነት ሲንቀሳቀስ በ3 አቅጣጫ ይሄዳል፣ በ3 አቅጣጫ ደግሞ ይሽከረከራል፣ በድምሩ 6። እነዚህን 6ቱንም የሚዘጋ ጠንካራ ነጥብ ያስፈልጋል፣ 3-2-1 የሚባለውም ለዛ ነው፦ ከስር 3 ነጥብ፣ በረጅሙ ጎን 2፣ በአጭሩ ጎን 1። የክላምፑ ስራ እቃውን ወደ እነዚህ ነጥቦች መግፋትና እዛው ማቆየት ብቻ ነው። 2ቱን የጎን ነጥቦች ደግሞ እቃው እስከፈቀደ ድረስ አራርቋቸው፣ ተቀራርበው ከተቀመጡ ትንሿ ስህተት ሌላኛው ጫፍ ላይ ስትደርስ ብዙ ሆና ትገኛለች።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ነጥብ ማብዛት። «ብዙ ቦታ ቢደገፍ ይበልጥ ይጠነክራል» የሚለው ሀሳብ ልክ ይመስላል ግን ያልተስተካከለ መሬት ላይ ባለ ሶስት እግር በርጩማ ቀጥ ብሎ ሲቆም ባለ አራቱ ይንገዳገዳል አይደል? ከካስቲንግ (ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ ከፈሰሰ) የወጣ ያልተላገ እቃም እንደዛው ነው፣ 4 ቋሚ ነጥብ ላይ ስታስቀምጡት አንዱ ሳይነካው ይቀርና ክላምፑ ሲጠብቅ እቃውን አጉብጦ ያስነካዋል፣ እናንተም ጎብጦ እያለ ፊቱን አስተካክላችሁ ትልጉታላችሁ፣ ሲፈታ ግን ወደ ቦታው ይመለስና የላጋችሁት ፊት ጠማማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ተጨማሪ ድጋፍ የግድ ካስፈለገ እቃው 3ቱ ላይ ካረፈ በኋላ እስኪነካው ድረስ ብቻ ከፍ የሚል፣ የሚስተካከል ድጋፍ አድርጉ። በሁለት ቀዳዳ ላይ ስታስቀምጡም ሁለቱንም ፒን ሙሉ ክብ አታድርጉ፣ በቀዳዳዎቹ መሀል ያለው ርቀት ከእቃ እቃ ትንሽ ስለሚለያይ አንዱ ሰተት ብሎ ሲገባ ሌላው በመዶሻ ካልሆነ አልገባም ይላል። አንዱን ክብ፣ ሌላውን ዳይመንድ ፒን (ሁለት ጎኑ የተላጨ) አድርጉት፣ የዳይመንዱ የተላጩ ጎኖች ደግሞ ወደ ክቡ ፒን አቅጣጫ መዞር አለባቸው። በ90 ዲግሪ አዙሮ የሚገጥም ሰው ብዙ ነው፣ ያኔ ፒኑ ርቀቱንም አያቻችልም፣ መዞሩንም አይከለክልም።

ሶስተኛ፣ የክላምፕ ቦታና ጉልበት። ክላምፕ ሁልጊዜ ከስሩ ድጋፍ ያለበት ቦታ ላይ ይረፍ፣ ባዶ ቦታ ላይ ከጫናችሁት እቃውን እንደ ቅስት ነው የምታጎብጡት። ግድግዳው 3 ሚሜ የሆነ ቀለበት ቶርኖ ላይ በባለ ሶስት መንጋጋ ቻክ (የቶርኖው መያዣ) ይዤ ውስጡን ቆርጬ ነበር፣ ቻኩ ላይ እያለ ስለካው ዳያል ኢንዲኬተሩ (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ) እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ፈታሁት። ከፈታሁት በኋላ ስለካው መንጋጋዎቹ ይዘውት በነበሩበት 3 ቦታ ላይ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ በመሀላቸው ጠቧል። ማሽኑ ክብ አድርጎ ነው የቆረጠው፣ ግን የቆረጠው የተጨመቀ ቀለበት ነበር። መፍትሄው በእቃው ዲያሜትር ልክ የተቆረጠ ሰፊ ለስላሳ መንጋጋ ነው፣ ካልሆነ ደግሞ ከዙሪያው ሳይሆን ከፊቱ ወደታች መጫን። የብረት ስትራፕ ክላምፕ (አንድ ጫፉ እቃው ላይ፣ ሌላው የኋላ ድጋፍ ላይ አርፎ በብሎን የሚጠብቅ ዝርግ ብረት) ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ቶሎ አይታይም፦ ብሎኑ መሀል ላይ ከሆነ ግማሹን ጉልበት የሚወስደው የኋላ ድጋፉ ነው፣ ብሎኑን ከእቃው በኩል የርዝመቱ ሲሶ ላይ ብታደርጉት ግን ከጉልበቱ 2/3ኛው ወደ እቃው ይሄዳል። የኋላ ድጋፉ ከእቃው እኩል ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን፣ ዝቅ ካለ ክላምፑ በጠርዝ ብቻ ይነካና እቃውን ይገፋዋል።

የመቁረጫው ጉልበት ወዴት እንደሚገፋ ሳያስቡ መስራትም አለ። ፍሬዛው (እየተሽከረከረ የሚልገው መቁረጫ) እቃውን መግፋት ያለበት ወደ ጠንካራው ነጥብ እንጂ ወደ ክላምፑ አይደለም፣ ክላምፕ ይለጠጣል፣ ነጥቡ ግን ንቅንቅ አይልም። ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ላይ ደግሞ ፑንታው እቃውን አብሮት ለማሽከርከር ይታገላል፣ በተለይ ጨርሶ ሊወጣ ሲል፣ ስለዚህ ያንን መሽከርከር የሚቀበል ፒን ወይ ጎን መኖር አለበት።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ፣ የብረት ፍቅፋቂ። አንዴ ብዙ ብራኬት እየበሳን ጠዋት የለካነው ሁሉ ልክ ነበር፣ ከሰዓት ቀዳዳው በ0.2 ሚሜ ገደማ ሸሽቶ ተገኘ። ማሽኑን አየን፣ ፑንታውን ቀየርን፣ ቁጥሩን ደግመን አረጋገጥን፣ ምንም የለም። መጨረሻ ላይ የጎኑን ነጥብ ፈትቼ ሳወጣው ከስሩ ድጋፍ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ፍቅፋቂ ተቀርቅራለች፣ እቃው እየተጫናት ጠፍጥፋ እንደ መስታወት ታብለጨልጫለች። ጥፋቱ ጥሩ አድርጎ ያልጠረገው ልጅ አይደለም፣ የኔ ዲዛይን ነው፣ ምክንያቱም ጥጉን ድፍን አድርጌ ነበር የሰራሁት። ከዛ በኋላ ሁልጊዜ ጥግ ላይ 2 ወይ 3 ሚሜ ማምለጫ እከፍታለሁ፣ ከስር ሰፊ ሳህን ሳይሆን ትንንሽ ክብ የጠነከሩ ድጋፎችን ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ፍቅፋቂውም በኩላንት (በማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ታጥቦ ይወርዳል። የሹል ትርፍ ነገርም አለ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ማለቴ ነው፣ የሚያልፍበት ቦታ ካልቆፈራችሁለት እቃው ጂጉ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣም ይላል።

ቡሺንጉን ከእቃው ጋር ማጣበቅም ከፍቅፋቂ ጋር ይያያዛል። ክፍተት ከሌለ ፍቅፋቂው በቡሺንጉ በኩል ሽቅብ እየወጣ ይበላዋል፣ በጣም ከራቀ ደግሞ ፑንታው ሲጀምር ይንሸራተታል። እንደ ካስት አይረን ፍቅፋቂው አጭር ለሆነ የፑንታውን ዲያሜትር ግማሽ ያህል፣ ረጅም ፍቅፋቂ ለሚሰጥ ብረት ደግሞ አንድ ዲያሜትር ወይ ትንሽ በለጥ አድርጎ መተው ይበቃል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። እቃው ሁለቱም ጎኑ ከተመሳሰለ አንድ ቀን ተገልብጦ መግባቱ አይቀርም፣ ሲገለበጥ የሚከለክለው አንድ ፒን ጨምሩ። እጅ የሚገባበት ቦታ ተዉ፣ ጓንት ያደረገ እጅ። ሁሉንም ነገር በማይክሮን አትሳሉ፣ የፊክስቸሩ ቶለራንስ (የሚፈቀደው የልክ ልዩነት) ከእቃው ቶለራንስ ከ20 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ከዛ በታች የምትወርዱት ዋጋውን ለማስወደድ ነው። ሙቀትም አለ፣ ልክ የሚነገረው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ 300 ሚሜ የሆነ አሉሚኒየም በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.07 ሚሜ ይረዝማል፣ ብረት ግን ግማሹን ያህል ነው፣ ስለዚህ የብረት ፊክስቸር ላይ አሉሚኒየም ስትሰሩ ከማሽኑ እንደወጣ ትኩሱን አትለኩት።

የመጨረሻው ስህተት ሳይፈትሹ ወደ ስራ መግባት ነው። አንድ እቃ ውሰዱ፣ አስገቡት፣ እሰሩት፣ በዳያል ኢንዲኬተር አንድ ቦታ ላይ ለኩት፣ ፈታችሁ አውጡት፣ እንደገና አስገቡት፣ ይህን 10 ጊዜ አድርጉ፣ የሚቻል ከሆነ የሚያስረው ሰው ይቀያየር። ቁጥሩ ከተበታተነ ችግሩ ፊክስቸሩ ወይ አስተሳሰሩ ላይ ነው። ቁጥሩ ከተሰበሰበ ደግሞ 10 የተለያየ እቃ አምጡና ያንኑ ድገሙ፣ አሁን ከተበታተነ ፊክስቸሩን አትንኩት፣ ሂዱና እቃው የሚያርፍበትን ፊት ቀድሞ የላገውን ኦፕሬሽን እዩ።