ያለ አዋጅ የሚጨምረውን የደመወዝ ግብር እንዴት እናሰላለን?

የግብር ሰንጠረዥ ባለበት ቆሞ ዋጋና ደመወዝ አብረው ሲንሩ፣ ሠራተኛው ኑሮው ሳይሻሻል ከፍ ወዳለው እርከን ይገፋል፤ ከገቢው የሚቆረጠው ድርሻም ያለ አዲስ አዋጅ ያድጋል። ይህን ጭማሪ ለይቶ ለማውጣት ሁለት ሰንጠረዦች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው እስከ 600 ብር ያለውን ወርሃዊ ገቢ ነፃ ያደርግ የነበረው የአዋጅ ቁጥር 979/2008፣ ሁለተኛው ነፃውን ገቢ 2,000 ብር ያደረሰው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሰንጠረዥ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ግብር የሚከፈልበት ወርሃዊ ገቢው 4,000 ብር የነበረ ሠራተኛ እንውሰድ። በአሮጌው ሰንጠረዥ ለዚህ እርከን በተቀመጠው መሠረት ገቢው በ20 በመቶ ተባዝቶ ተቀናሹ 302.50 ብር ሲነሳ ግብሩ 497.50 ብር፣ ማለትም የገቢው 12.4 በመቶ ይሆናል። ቀጥሎ ገቢውን በዋጋ ንረቱ ልክ ማሳደግ ነው። ለጥናት የሚሆነው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ (ሸማቾች የሚገዟቸው ነገሮች ዋጋ ለውጥ መለኪያ) ነው፤ እዚህ ግን ለስሌት እንዲመች ዋጋም ደመወዝም ሦስት እጥፍ ሆኑ እንበል። 12,000 ብር የሚገዛው የቀድሞው 4,000 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው፤ በአሮጌው ሰንጠረዥ ግን 2,700 ብር፣ ማለትም 22.5 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። እርከኖቹና ተቀናሾቹ ከዋጋው ጋር አብረው አድገው ቢሆን ኖሮ ግብሩ 1,492.50 ብር ይሆን ነበር። የምንፈልገው ጭማሪ በሁለቱ መካከል ያለው 1,207.50 ብር ነው።

በአዲሱ ሰንጠረዥ ያው ገቢ 2,250 ብር ስለሚከፈልበት፣ ከጭማሪው 757.50 ብር ሳይነሳ ቀርቷል። ሕዝቡ በብዛት የሚነጋገረው ስለ ነፃው ገቢ ቢሆንም፣ የነገሩ ቁልፍ ያለው ከላይ ነው፦ ነፃው ገቢ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያድግ፣ የ35 በመቶው እርከን መነሻ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር፣ 28 በመቶ ገደማ ብቻ ከፍ ብሏል። በዚህ መላምት ጫናው ወደ ቀድሞው ልክ ወይም ከዚያ በታች የወረደለት ከንረቱ በኋላ እስከ 2,400 ብር የሚያገኘው ሠራተኛ ብቻ ነው።

ስሌቱን የሚያበላሹ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንዱ ከግብር ነፃ የሆኑ አበሎችን ከገቢው ጋር መደመር ነው። ሌላው፣ ይበልጥ የሚያሳስተው፣ ደመወዝ ከዋጋ ወደ ኋላ በመቅረቱ የጠፋውን የመግዛት አቅም በግብሩ ላይ መቁጠር ነው፤ ሁለቱ በተለያየ ዓምድ ይመዝገቡ። ከዚያ በኋላ በየእርከኑ ያለው ጭማሪ በሠራተኞች ቁጥር ተባዝቶ ሲደመር፣ ውጤቱ በበጀቱ ውስጥ ከደመወዝ ግብር ገቢ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።