ከዶማው በፊት፦ የተቀበረ ግንብ በመሣሪያ ለምትፈልጉ

ወደ መስክ የምትወጡ ተማሪዎች «የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ አፈሩን ነው።

መጀመሪያ የማሳውን ባለቤት አነጋግሩ። ማረሻቸው የት ድንጋይ እንደሚነካ፣ ጤፉ የት ቀድሞ እንደሚገረጣ ያውቃሉ፤ ግንብ ያለበት አፈር ስስ ስለሆነ ውሃ አይዝም። ፈቃድ ያለው ወረቀት ይዛችሁ ቦታውን 20 በ20 ሜትር ከፋፍሉት፤ ችካሉ እንጨት ይሁን፣ ብረት አይሁን።

እኔ ማግኔቶሜትር (የመሬትን ማግኔታዊ ኃይል ልዩነት የሚለካ መሣሪያ) አስቀድማለሁ፣ ፈጣን ነውና። የተቃጠለ ሸክላን፣ ምድጃን፣ የብረት ማቅለጫን ጥሩ አድርጎ ያወጣል። የያዘው ሰው ስልክ፣ ቁልፍና ዘለበት ያለው ቀበቶ ያውልቅ (የአንገት መስቀል የብር ከሆነ ግድ የለም)። የእኛ አገር ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በበዛበት ማሳ ሁሉም ነገር ይጮኻል። ሁለተኛ፣ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ (የምድር ማግኔታዊ መስክ አግድም ለሚተኛበት መስመር) ቅርብ ስለሆንን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ግንብ በምስሉ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ምልክቱም ከግንቡ ትክክለኛ ቦታ ፈቀቅ ሊል ይችላል። ለአውሮፓ መሬት የተጻፈ መመሪያ ይዛችሁ ምስል አታንብቡ።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ አረጋግጡ፦ የብረት ዘንጎች መሬት ላይ ተክላችሁ ኤሌክትሪክ ስትለቁ አፈሩ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ትለካላችሁ። ድንጋይ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፣ እርጥብ አፈር የሞላው የጥንት ቦይ ያሳልፋል። ዘንጎቹን በግማሽ ሜትር ብታራርቁ የምታዩት ከ1 ሜትር ብዙም አይዘልም። ጥቅምትና ኅዳር ይመቻሉ፤ በጋው ሲገፋ ዋልካው ይሰነጠቅና ዘንጉ ከአፈሩ ጋር አይገናኝም፣ ስንጥቁም ግንብ መስሎ ያታልላል።

ራዳር (የራዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ የሚመለሰውን የሚያነብ መሣሪያ) ሁሉም የሚመኘው ነው፤ እኔ ግን እርጥብ ዋልካ ላይ አልከራየውም፣ ሸክላማ አፈር ሞገዱን ይውጠዋል። ደረቅ አሸዋማ መሬት ላይ ወይም ባዶ ዋሻ በሚጠረጠርበት ቦታ ግን ዋጋውን ያወጣል። ከመሬት በታች ባዶ ክፍል የት ሊገኝ እንደሚችል ደግሞ አክሱም አሳይታናለች፦ በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውን ሐውልት ለማቆም ሲዘጋጁ መሬት ሳይቆፈር በመሣሪያ በተካሄደ (የጂኦፊዚክስ) ጥናት፣ መኪና ማቆሚያ ሆኖ በኖረ ሜዳ ሥር ሳይቀር የመቃብር ክፍሎች ምልክት ታየ።

ምስሉ ሲደርሳችሁ ደማቁን ቦታ ብቻ አታስቆፍሩ። ምንም ባላሳየው ጥግም አንድ ጠባብ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ምስሉን እመኑት፣ ግንብ ከወጣበት ግን መሣሪያውን ቀይራችሁ ማሳውን እንደገና ዙሩት።